የሰሌዳው ሰባት መስመር

ሰውየውን ከተማው «ጋሼ ብሩሽ» ይለዋል። እኛ ከእሱ ጋር ጥቂት ስለምንቆይ «ጋሼ»ውን በር ላይ አስቀምጠን ብሩሽ ብቻ እንበለው። ሥራው የሱቅ፣ የጋራዥና የመሥሪያ ቤት ስም ግድግዳና ቆርቆሮ ላይ መጻፍ ነው። በማሽን የሚታተመው ሸራ ገበያውን ግማሽ በግማሽ ከበላበት ቆይቷል። ቢሆንም ሸራ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ሁለት ዓመት አይቆይም፤ የብሩሽ ጽሑፍ ግን ባለሱቁ ሞቶ፣ ሱቁ ተሽጦ፣ አዲሱ ባለቤት ሌላ ቀለም ቀብቶበት እንኳ ከሥር ብቅ ይላል።

የሚሠራው ከሚስቱ ጋር ነው። እሱ መሰላሉ ላይ ይወጣል፣ እሷ ትይዝለታለች። መስመሩ መስተካከሉን ማወቅ ሲያስፈልግ መንገዱን ተሻግራ ከማዶ ትቆምና «ቀኝ ጫፉ ወድቋል! ከፍ! ከፍ አድርገው አልኩህ! ኧረ በዛ፣ ሰማይ ላይ ልትጽፍ ነው እንዴ!» ትላለች። ድምፅዋ መኪና ያስቆማል። በአደባባይ እየተጨቃጨቁ እንጀራቸውን የሚበሉ ባልና ሚስት እነሱ ብቻ ናቸው እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

ከማዶ የምታይለት ለምን እንደሆነ የሚያውቁት ግን ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የብሩሽ ግራ ዓይን በዘጠኝ ዓመቱ ኖራ ገብቶበት ጠፍቷል። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይልም፤ ይዞራል፣ ይርገበገባል፣ ሽንኩርት ሲከተፍ ያለቅሳል። ማየት ብቻ ነው የቀረው። ብሩሽ ይህን ለአርባ አምስት ዓመት ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። «አንድ ዓይና ጽሑፍ ጻፊ ጋ ማን ሥራ ይዞ ይመጣል?» ይላል። ለሚስቱ እንኳ የነገራት ከተጋቡ በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ያውም ውሃ ሲቀዳላት ብርጭቆውን ስቶ ጠረጴዛው ላይ ስላፈሰሰው። እሷም ጠረጴዛውን እየወለወለች «ሌላስ የደበቅኸኝ አካል አለ?» አለችና ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የአንድ ብረታ ብረት መሸጫ ስም ሲጽፍ፣ በደህናው ዓይኑ በቀኙ ጠርዝ ላይ ብልጭ አለበት። ቀጥሎ ጥላሸት የመሰለ ነገር ይዘንብ ጀመር። ቀለም የተፈናጠቀበት መስሎት በክንዱ ጠረገው። አልሄደም። በማግስቱ ደግሞ ከታች በኩል ጥቁር ነገር መጣ። ቆርቆሮውን ሲያየው ከሥሩ ቀለም ጣሳ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። መስመር ለመምታት ጠመኔ የተቀባውን ክር ሁለቱም ጫፍና ጫፍ ይዘው ወጠሩና ብሩሽ ለቀቀው።

«አጥብቀሽ ያዢው እንጂ!»

«ይዣለሁ።»

«መሃሉ ላይ ጎብጧል!»

«እኔ ጎብጦ የማውቀው አንተን ነው። መስመሩ ቀጥ ብሏል።»

ብሩሽ እንደገና አየ። መስመሩ መሃል ላይ እንደ ሆድ ተነፍቶ ነበር። ከመሰላሉ ወረደና አንድ ደረጃ የቀረው መሆኑን ስቶ መሬቱን በጉልበቱ አገኘው። ሚስቱ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች።

«በቀኙ ነው?»

«በቀኙ ነው።»

መሰላሉን አጥፋ ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ቀለሙን ክዳኑን እንኳ አልገጠመችም።

ሆስፒታሉን ብሩሽ እንደ ቤቱ ያውቀዋል። ከሰባት ዓመት በፊት ሲሠራ «ካርድ ክፍል»፣ «ወረፋዎን ይጠብቁ»፣ «ሽንት ቤት በስተቀኝ»፣ «ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል ነው» የሚሉትን ሁሉ የጻፈው እሱ ነው። ሕንፃው ውስጥ ሰውን የሚያዝዝ ነገር ሁሉ በእሱ እጅ ጽሑፍ ነው የሚያዝዘው። ስለዚህ ካርድ ለማውጣት ማንንም ሳይጠይቁ ሄዱ፣ ወረፋቸውንም ጠበቁ፣ ጮክ ብለውም አላወሩ።

ዓይን ክፍሉ ውስጥ በዚያ ወር የነበረችው ሐኪም አንዲት ብቻ ናት። ሌላው ለትምህርት ሄዷል። ስለዚህ ሐኪሟ በየቀኑ የምታየው ነርሷ «አስቸኳይ» ብላ የምትልክላትን ብቻ ነው፤ የቀረው በአምስት ሳምንት ይቀጠራል። ነርሷ ደግሞ የምትለየው በፊደል ሰሌዳ ነው። ያነበበ ይቀጠራል፣ ያላነበበ ይገባል።

የሰሌዳው ክፍል በር ላይ በቀይ «አስታማሚ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ሚስቱ ክንዱን ይዛ ልትገባ ስትል ዘበኛው እጁን ዘረጋ።

«እኔ ምን ላድርግ እትዬ? የጻፉት እኮ ባለቤትዎ ናቸው።»

«ዛሬ ይሰርዘዋል!»

«ሲሰረዝ ይግቡ።»

ብሩሽ ብቻውን ገባ። ነርሷ ከጠዋት ጀምሮ ስልሳ ሰው ያስነበበች ብትሆንም ክፉ ሴት አልነበረችም። ወንበር ስባ አስቀመጠችው። ፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ ነጭ የተቀባ ቆርቆሮ ተሰቅሏል። የታተመው ሰሌዳ ከውጭ ይመጣል ተብሎ ሳይመጣ ሲቀር ብሩሽ የሠራው ነው። ሰባት መስመር ነው፤ ላይኛው አንድ ትልቅ ፊደል፣ ታችኛው ስምንት ጥቃቅን። ያችን የመጨረሻዋን መስመር በሦስት ፀጉር ብሩሽ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሁለት ቀን ነው የጻፋት። አራተኛዋ ፊደል እግሯ ላይ እንደ መወፈር ብላበታለች። ይህን ከእሱ በስተቀር ያስተዋለ የለም፤ እሱ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ አልረሳውም።

«ምንድነው የሚሰማዎት?»

«ከሥር ጥቁር ነገር ይመጣብኛል። መስመርም ይጎብጥብኛል።»

«እስቲ ግራዎን ይሸፍኑና ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ።»

ሸፈነ። ላይኛው ፊደል እሳት ዳር እንደተቀመጠ ሻማ ቀልጦ ተጣሟል። ከሱ በታች ያለው ሁሉ ጥቁሩ ውስጥ ነው። ብሩሽ አፉን ከፈተ፤ አይታየኝም ሊል ነበር።

«ውይ!» አለች ነርሷ ካርዱን እያየች። «ጋሼ ብሩሽ የሚባሉት እርስዎ ነዎት? ይቺን ሰሌዳ የጻፏት? እጅዎን ይባርከው! ወንድሜ እኮ መድኃኒት ቤት ሊከፍት ነው፤ እርስዎ ጋ ነው የምልከው። በሉ ያንብቡልኝ።»

ያን ጊዜ የሆነውን ብሩሽ ራሱ በኋላ ብዙ ጊዜ ሊያስረዳ ሞክሮ አልሆነለትም። አንድ ሰው ልጁን አላውቀውም ሊል አይችልም፤ ወደዚያ የተጠጋ ነገር ነው። አፉ ጀመረ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን መስመር አለው። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ አራተኛዋን ፊደል ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ እንደ ይቅርታ አድርጎ ነው የጠራት።

«ጎሽ! አሁን ቀኝዎን ይሸፍኑ።»

ቀኙን ሸፈነ። ዓለም ጠፋች። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ በግራው በኩል የመጣ ሰው «ይሄ ይታይሃል?» ሲለው የሚመልሰው መልስ «አዎ» ብቻ ነበር፤ ያ መልስ አሁንም ከጉሮሮው ሥር ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ሰባቱንም መስመር ወረደው። እንዲያውም በግራው የበለጠ ፈጠነ።

«በዚህ ዕድሜ!» አለች ነርሷ። «እኔ በመነፅር እንኳ የመጨረሻዋን አላያትም። ጥቁር ነገር የሚሉት ድካም ይሆናል። ለማንኛውም ሐኪሟ ታይዎታለች።» ቀጠሮ ጻፈችለት። በአምስት ሳምንቱ።

ብሩሽ ብድግ አለና ቆመ። «እኔ እኮ በቃሌ ነው» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ግን ያን ካለ የግራውንም ማለት አለበት። የግራውን ካለ ደግሞ ነርሷ ታውቃለች፣ ወንድሟ ያውቃል፣ እስከ ማታ ብረታ ብረት መሸጫው ያውቃል።

«አመሰግናለሁ» አለና በሩን ሲፈልግ መቃኑን ነክቶ ወጣ።

«ምን አሉህ?»

«ቀጠሩኝ። አስቸኳይ አይደለም አሉ።»

ሚስቱ አመነች። እሷ የምታውቀው መሰላል መያዝ ነው፤ እነሱ ደግሞ የተማሩ ናቸው።

ሐሙስ ጥቁሩ ወገቡ ላይ ደረሰ። ዓርብ ደረቱ ላይ። ቅዳሜ የቀረለት ከላይ በኩል ያለ ቀጭን ክፍተት ነው፤ ጣራና የበር አናት። ሰው ለማየት ከፈለገ ዓይኑን ወደ መሬት ተክሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በዚያች በቀረችው ክፍተት ማሾለቅ ነበረበት። ጎረቤቶቹ ትሕትና መሰላቸው። «ጋሼ ብሩሽ ዘንድሮ እንዴት ሰው ሆነዋል!» አሉ። ዱሮ ሰላም ሲባል አንገቱን ቀጥ አድርጎ በቀኙ ብቻ ስለሚያይ ኩራተኛ ነበር የሚሉት።

እሑድ ጠዋት ሚስቱ የቀጠሮውን ቀን ልታይ ካርዱን ከመሳቢያ አወጣች። ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች አነበበችና ቆመች።

«ቀኝ፣ ሙሉ በሙሉ ያያል» አለች።

ብሩሽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ግራ፣ ሙሉ በሙሉ ያያል።»

ካርዱን ወደ እሱ አዞረችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ግራህ ማየት የጀመረው መቼ ነው? ለኔ ለምን አልነገርኸኝም፤ ዓይንህ በራ ብዬ ለሰው አልነግርም ነበር?»

«ሰሌዳው እኮ... የኔ ነው።»

«በቃልህ ነው ያነበብክላት?»

«አፌ ነው እንጂ እኔ አላነበብኩም።»

«እንግዲያው አፍህን ነው ማሳከም።»

ይህን ብላ ግድግዳው ላይ ወደተደገፈው መሰላል ሄደችና የታችኛው እርከን ላይ ተቀመጠች። ካርዱን ጭኗ ላይ ዘርግታ እየደጋገመች ታሸዋለች፤ እንደ ተጨማደደ ልብስ፣ ቢታሽ የሚስተካከል ይመስል። ብሩሽ አንገቱን ደፍቶ ሊያያት ሞከረ። ያገኘው ከመሰላሉ የላይኛውን እርከን ብቻ ነው። እያለቀሰች መሆኑን ያወቀው ስላልተሳደበች ነው።

ሰኞ ጠዋት ዘበኛው ገና ጫማውን ሳያስር ደረሱ። አሁንም እሷ ውጭ ቀረች፤ ቀዩ ጽሑፍ አሁንም አልተሰረዘም። ብሩሽ እየዳሰሰ ገብቶ ለነርሷ ሁሉንም ነገራት። ለባዕድ ሰው ሲናገረው የመጀመሪያ ጊዜው ስለነበረ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ከመጀመሪያው ወደ መሃል እየዘለለ ነው የነገራት። ነርሷ ሰምታ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ነው የዋሹት ወይስ አሁን?»

«ያን ዕለት።»

«ያን ዕለት የዋሸ ሰው ዛሬ እንደማይዋሽ በምን ልወቅ?»

«አይታየኝም እኮ ነው የምልሽ ልጄ።»

«ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት ሰው አይታየኝም ብሎኝ ነበር። አንደኛው ጡረታ ፈልጎ ነው፣ ሁለተኛው ቶሎ መግባት ፈልጎ። ሲወጣ በስልኩ ጽሑፍ ሲያነብ አገኘሁት።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር። «የተጻፈ ውጤት ደግሞ በራሴ መሰረዝ አልችልም። የሆስፒታሉ ኃላፊ መፈረም አለበት። ካስፈረሙ ዛሬውኑ እንደገና አስነብብዎታለሁ።»

ብሩሽ ለማየቱ ማስረጃ አቅርቦ ተቀባይነት አግኝቷል። ላለማየቱ የሚያቀርበው ማስረጃ ግን ምን እንደሆነ ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም። ግድግዳ ጋር ሲጋጭ ነርሷ «ቀስ ይበሉ» አለችው፤ ግጭት ካርድ ላይ አይጻፍም።

የኃላፊው በር ላይ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ በክር ተንጠልጥላለች። በአንድ በኩል «ይግቡ»፣ በሌላው «ስብሰባ ላይ ነኝ» ትላለች። ብሩሽ ሲሠራት ሁለቱንም ፊት እኩል አሳምሮ ነበር የጻፈው። ሚስቱ አየችለት።

«የትኛው ነው?»

«ስብሰባው።»

ሰኞን እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ዋሉ። ማክሰኞንም ዋሉ። በመተላለፊያው የሚያልፈው ሁሉ ብሩሽን ያውቀዋል። «ጋሼ ብሩሽ! ሥራ መጡ?» ይለዋል። ሚስቱም በየተራ «አይ፣ ታመን ነው» ትላለች። እነሱም «አይዞን» ብለው ያልፋሉ። ማክሰኞ ከሰዓት ላይ ያቺ የቀረችው ክፍተትም ከዳር እየጠበበች መጣች።

«አንቺ፣ መብራቱን አጠፉት እንዴ?»

እሷ ቀና ብላ የበራውን መብራት አየች። «አዎ» አለች። «ቆጣቢዎች ናቸው።»

ረቡዕ ጠዋት ሰሌዳዋ አልተገለበጠችም። ከመተላለፊያው ጫፍ ሐኪሟ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች ብቅ አለችና ወደ ደረጃው ታጠፈች። በዚያ በኩል ከሄደች ለሰዓታት አትገኝም። ሚስቱ ሮጣ አትደርስባትም፤ በመሃል ሠላሳ ሰው ቆሟል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ባሏ «ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል ነው» ብሎ ጽፏል። ቆመችና ሃያ ስድስት ዓመት ከመንገድ ማዶ የጮኸችበትን ድምፅ አወጣችው።

«ዶክተር! ወደ ግራ! ወደ ግራ ዙሪ! ዝቅ! እዚህ አግዳሚው ላይ! ሰውየው እየጠፋ ነው!»

ሐኪሟ ወደ ግራ ዞረች፤ ዝቅ ብላም አየች።

መጥታ እዚያው አግዳሚው ላይ ባትሪዋን አብርታ ዓይኑን ከፈተችው። ክንዱን ይዛ ወደ ክፍሏ አስገባችው፤ ሚስቱም ተከተለች፣ የከለከላትም የለም። በማሽኑ ረጅም ጊዜ አየችው።

«መቼ ነው የጀመረዎት?»

«ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ።»

«ረቡዕ እዚህ መጥተው ነበር ይላል ካርዱ።» ገልበጥ አድርጋ አነበበች። ሁለተኛም አነበበች። ካርዱን አስቀመጠችው።

«ከዓይን ጀርባ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ» አለች። «እሱ ነው የሚያየው። የእርስዎ ተቀድዶ ከግድግዳው ለቋል።»

«ከሥሩ ውሃ ገብቶበት?»

ሐኪሟ ቀና አለች። «አዎ። ከሥሩ ውሃ ገብቶበት።»

«ከዳር ሲነሳ ቶሎ ቢያዝ ይለጠፍ ነበር» አለ ብሩሽ። ስለ ግድግዳ ቀለም ያወራ ነበር፤ ግን ስለ ሁለቱም ነበር። «መሃሉ ከተነሳ በኋላ ቢለጥፉትም መልኩ አይመለስም።»

«ያን ዕለት መሃሉ ገና መጎተት መጀመሩ ይሆናል» አለች ሐኪሟ በዝግታ። «በማግስቱ ወደ ዋናው ከተማ እልክዎ ነበር። ቀዶ ሕክምናው እዚያ ብቻ ነው የሚሠራው። አሁንም እልክዎታለሁ። ወረፋ አለ፤ እደውላለሁ፤ ምናልባት በሁለት ሳምንት።»

«ከዚያ በኋላ እጽፋለሁ?»

ሐኪሟ ከእሱ ይልቅ ሚስቱን አየች። «ቀንና ሌሊት ይለዩ ይሆናል። ምናልባትም የሰው ጥላ።»

«ጥላ» አለ ብሩሽ።

የመላኪያው ወረቀት ላይ የማየት መጠን የሚሞላበት ቦታ ስላለ ወደ ሰሌዳው ክፍል መመለስ ነበረባቸው። በዚህኛው ዙር ዘበኛው ሚስቱን አልከለከለም፤ ለማያይ ሰው መሪ ይፈቀዳል። ነርሷ ወንበሩን ሳበች። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«ጋሼ... ደንብ ነው። ግራዎን ይሸፍኑና ከላይ ይጀምሩ።»

ብሩሽ ሸፈነ። ሰሌዳው ፊት ለፊቱ የት ጋ እንደተሰቀለ፣ በስንት ሚስማር እንደተመታ ያውቃል። ሰባቱ መስመሮች አንድ ባንድ ምላሱ ላይ ተሰለፉ፣ የመጨረሻዋ አራተኛ ፊደል ሳትቀር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሚስቱ ክንዱን ጨበጠችው።

«አይታየኝም» አለ።

«ትልቁም?»

«ትልቁም።»

«ቀኝዎን ይሸፍኑ።»

እጁን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው አዛወረ። ለእሱ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

«አይታየኝም። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ።»

እስክሪብቶው ወረቀት ላይ ሲሄድ ተሰማ። ከዚያ መሳቢያ ተከፈተ፣ ሌላ እስክሪብቶ ወጣ፣ ክዳኑ ጠቅ አለ። ነርሷ እየጻፈች «ወንድሜ እንኳ» አለች፣ «በሸራ አሳተመው። ቸኩሎ ነው።»

«ሸራ ይፈጥናል» አለ ብሩሽ።

ካርዱን ለሚስቱ ሰጠቻት። ወጥተው ወደ ደረጃው ሲሄዱ እሷ ፊት ሆነች፤ እሱ እጁን ትከሻዋ ላይ፣ መሰላሉ በሚያርፍበት ቦታ አደረገ።

«ምን ጻፈችበት?»

«አስቸኳይ።»

«በቀይ?»

«በቀይ።»

ሦስት ደረጃ ወረዱ።

«እንዴት ነው አጻጻፉ?»

ሚስቱ ቆም አለች። ካርዱን፣ ከማዶ እንደቆመች ሁሉ፣ ክንዷ እስከሚበቃው ድረስ ከዓይኗ አርቃ አየችው።

«ቀኝ ጫፉ ወድቋል» አለች።